ማሆ የባሕር ዳርቻ

ማሆ በካሪቢያን ባሕር፣ በሲንት ማርተን ደሴት የኔዘርላንድ ክፍል የሚገኝ የአውሮፕላን ፎቶ አንሺዎች መናኸሪያ ነው። የልዕልት ጁሊያና ኤርፖርት ማኮብኮቢያ 2,300 ሜትር ብቻ ሲሆን ጫፉን ከአሸዋው የሚለዩት አጥርና ጠባብ መንገድ ናቸው። ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ አውሮፕላኖች ከባሕሩ በኩል፣ በዋናተኞች አናት ላይ ዝቅ ብለው ያርፋሉ። ጠዋት ፀሐይ አፍንጫቸውን ታበራለች፤ ወደ ማታ ጀልባዎችም አውሮፕላኖችም በቀላው ሰማይ ላይ ጥቁር ጥላ ይሆናሉ፤ ውበቱም ያኔ ነው። ጄት በ1/1000 ሰከንድ የካሜራ መዝጊያ ፍጥነት ፎቶ ይነሣል። ፕሮፔለር ላለው 1/125 አካባቢ ይሻላል፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ የቆመ፣ አውሮፕላኑም በክር የተንጠለጠለ አሻንጉሊት ይመስላል። ዝነኛው የኬኤልኤም አየር መንገድ ቦይንግ 747 እ.ኤ.አ. በ2016 መምጣቱን አቁሟል። አጥሩን ይዞ መቆም አደገኛ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት ጎብኚ በሚነሣ ጄት የሞተር ግፊት ተወርውራ ሞታለች።