የትንንሽ ገንዘብ ስሞችና ታሪካቸው

ገንዘብን መንግሥት ያስቀርጻል፤ ስም የሚያወጣለት ግን ብዙውን ጊዜ ሕዝብ ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ገበያ ኪሱ የነጠፈ ሰው በአማርኛ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል ብንሰማ፥ ቃሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ መሆኑን ልብ አንለውም።

ቤሳ የህንዶች «ፓይሳ» ነው። በቀድሞው የህንድ ሥርዓት አንድ ሩፒ 16 አና፥ አንድ አና 4 ፓይሳ ሆኖ ይመነዘር ነበር። ኤደን በኤውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1937 ድረስ ከህንድ ጋር ተያይዛ ስለ ተዳደረች፥ የህንድ ገንዘብ በዚያ ጠረፍ ይሠራበት ነበር። ኢጣልያም በ1909 ለሶማሊያ ባስቀረጸችው ገንዘብ አንዱን ሩፒ በ100 «ቤሳ» ከፈለችው። ስሙ ከጠረፍ ወደ ደጋ የወጣው ከነጋዴ ጋር ነው።

ሽልንግ ደግሞ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በአገራችን ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ብርን በ100 ሳንቲም ሲከፍለው አንዱ ብር የ2 ሽልንግ ዋጋ ነበረው፤ ስለዚህ ሕዝቡ 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» አለው። 25 ሳንቲሙም የሽልንግ እኩሌታ ሆነ። በስዋሂሊ የሽልንግ እኩሌታ «ሱሙኒ» ይባላል፤ ምንጩም ስምንተኛ እጅ የሚል የዐረብኛ ቃል ነው። የእኛም «ስሙኒ» የብር አራተኛ እጅ ሆኖ ሳለ የስምንተኛን ስም ይዟል፤ ስሌቱ ቢለወጥም ስሙ አልተለወጠም።

በህንድም የሆነው ይኸው ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1957 አና ተሽሮ ሩፒ በ100 ፓይሳ ቢከፈልም፥ ሕዝቡ 25 ፓይሳውን አራት አና ለማለት «ቻቫኒ» ማለቱን አልተወም። ገንዘቡ ራሱ በ2011 ከሥራ ሲወጣም ስሙ በአፍ ቀርቷል።

ሆሳዕናም ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ያ ጥንታዊ ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ይጠራል። ለከተማዪቱ ስም የተገኘው ማደሪያ ግን ለትንንሾቹ ገንዘቦች ስሞች አልተገኘላቸውም። ስሙኒ ምንም የማይገዛበት ዘመን በመድረሱ፥ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።

ስለዚህ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፥ ገበያ የኖሩ አረጋውያን ገንዘቡን በሐዲይኛም ሆነ በከምባትኛ ምን እያሉ ይጠሩት እንደ ነበረ ጠይቃችሁ እንድትጽፉ እናሳስባለን። ገንዘቡን ሙዚየም ያኖረዋል፤ ስሙ ግን ካልተጻፈ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል።