ቁርጥማት፣ ሪህ፣ ብግነት፦ የአንጓ ሕመም ስሞችና ዕፀዋቱ

አማርኛ ሕመምን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰይመው በግሥ ነው። የሚወጋው ውጋት፣ የሚፈልጠው ፍልጠት፣ የሚቆርጠው ቁርጠት፣ የሚያነደው ንዳድ ይባላል። ቁርጥማትም ከዚሁ ቤተ ሰብ ይመደባል፤ ቆሎ ወይም አጥንት በጥርስ መድቀቁን ከሚያመለክተው «ቆረጠመ» ወጥቶ በጉልበት፣ በክርንና በጣት አንጓ የሚሰማውን ሥቃይ ይገልጻል። ስሙ የሚነግረን ሕመምተኛው የሚሰማውን ብቻ ነው፤ ስለ መንሥኤው አንዳች አይልም። ስለዚህም የሕክምና ዕውቀት ምን ያህል ቢለወጥ ቁርጥማት የሚለው ቃል ሐሰተኛ ሆኖ አያውቅም።

«ሪህ» ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቃሉ በዐረብኛ ነፋስ ማለት ከሆነው «ሪሕ» የመጣ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ በአካል ውስጥ የሚዘዋወር ነፋስ አንጓን ያሳምማል የሚለውን የጥንት እምነት ተሸክሞ ደርሶናል ማለት ነው። ግሪኮችና ሮማውያን በነፋሱ ፈንታ ፈሳሽ አስቀመጡ። «ሩማቲዝም» የሚለው ቃል ሥሩ በግሪክኛ መፍሰስን ያመለክታል፤ እንግሊዞች «ጋውት» የሚሉት ደግሞ ከላቲኑ «ጉታ»፣ ማለትም ከጠብታ፣ የወጣ ነው። ክፉ ፈሳሽ ወደ አንጓ ይንጠባጠባል ተብሎ ይታመን ነበርና። መንሥኤው አንድ ነው ከተባለ፣ መድኃኒቱም ለሁሉ አንድ ነው ማለት ይከተላል። የአደጋው ምንጭ ይህ ነው።

ነገሩን በግልጽ የሚያሳየን «ኮልኪኩም» የተባለው ተክል ታሪክ ነው። ስሙን ያገኘው በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳር ከነበረው ከኮልኪስ አገር ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዲዮስቆሪዶስ ገዳይ መርዝ መሆኑን ጽፏል። በ6ኛው መቶ ዓመት የትራሌሱ እስክንድር «ሄርሞዳክቲል» በተባለ ሥር የአንጓ ሕመምተኞችን አክሟል፤ የዐረብ ሐኪሞችም «ሱሪንጃን» በሚል ስም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን በዚያ በግሪክኛው ስም በገበያ ይሸጡ የነበሩት ሥሮች አንድ ዐይነት አልነበሩም፤ ስሙ የትኛውን ተክል እንደሚመለከት ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረዋል። ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። አንዱ ሥር ሲያሽል ወይም መጠኑ ሲያልፍ ሲገድል፣ ሌላው ምንም አይፈይድም።

ከዚያ በኋላ ስሙ ጨርሶ ተሰወረ። በ1783 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁሶን የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ምሥጢሩን ሳይገልጽ «የመድኃኒት ውሃ» እያለ አንድ ቅመም መሸጥ ጀመረ። በውስጡ ያለው ኮልኪኩም መሆኑን እንግሊዛዊው ዋንት ያስታወቀው በ1814 ነው። በ1820 ፔሌቲየና ካቫንቱ ኃይለኛውን ንጥረ ነገር ከተክሉ ለዩ፤ በ1833 ጋይገር «ኮልቺሲን» ብሎ ሰየመው። ጋሮድ በ1848 በጋውት ሕመምተኞች ደም ውስጥ የዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ፤ በ1859ም ከጋውት የተለየውን ሌላ ሕመም «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ሲል ለብቻው ሰየመ። የተክሉ ቦታ በትክክል የታወቀው የሕመሙ ስም ለሁለት ሲከፈል ነው፤ የጋውትን ድንገተኛ ሥቃይ ያስታግሣል፣ በእርጅና የሚመጣውን የጉልበት ሕመም ግን አያድንም።

የአኻያ ዛፍ ታሪክ በአንጻሩ የቀለለ ነው። በ1763 ቄስ ኤድዋርድ ስቶን ቅርፊቱ ለንዳድ እንደሚበጅ ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር ጻፉ። በ1876 የዳንዲው ሐኪም ማክላጋን ከአኻያ የተገኘውን «ሳሊሲን» ለአንጓ ሕመም መስጠታቸውን አስታወቁ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነበር፦ ሕመሙ የሚበዛው በረግረግ አገር ነው፣ መድኃኒቱም በዚያው ይበቅላል። ምክንያቱ ስሕተት፣ ውጤቱ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1899 «አስፕሪን» የሚለው የንግድ ስም ወጣ፤ በመካከሉ ያለው «ስፒር» ሌላ ተክል፣ «ስፒሪያ»፣ የተወው ዐሻራ ነው። መድኃኒቱ ቁጣውን እንዴት እንደሚያበርድ ቬን የገለጸው በ1971 ነው።

ቁጣ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል። ላቲኑ፣ ግሪክኛውና ዐረብኛው ይህንኑ ነገር ከእሳትና ከነበልባል ይሰይሙታል፤ ሴልሱስ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ምልክቶቹን መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም ብሎ ቈጥሯል። «ብግነት» የሚለው የሙያ ቃል ከ«በገነ» ስለ ወጣ መቃጠሉንም መናደዱንም ይዟል። ለእኛ ከባዕድ ቃል ይልቅ ይህ ይሻላል፤ የዕለት ንግግሩን «ቁጣ»ም አያባርርም።

የአገራችን ዕፀዋት ስሞችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስቴፋን ስትረልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎች በ1968፣ የዕፀዋቱን ስሞችና አገልግሎት ደግሞ በ1973 ያሳተሙት ስሙ ካልጠራ ጽሑፉ እንደማይነበብ ስለ ተገነዘቡ ይመስለናል። ዛሬ ለአንጓ ሕመም ተብሎ ከውጭ በሚመጣ ብልቃጥ ላይ «ቦስዌሊያ» የሚል ቢገኝ ተርጓሚው «ዕጣን» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚመረመረው የሕንዱ «ቦስዌሊያ ሴራታ» ነው፤ በመተማና በትግራይ የሚደማው ዛፍ «ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ» ነው። ስለዚህ «የሕንድ ዕጣን» ማለት ይገባል። አለዚያ አንባቢው ከቤቱ ያለውን ዕጣን ያንኑ መድኃኒት አድርጎ ይወስደዋል።

የሪህ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በሕክምና ጽሑፍ ቃሉ ለጋውት ብቻ እየተወሰነ መጥቷል፤ ለጤና ባለሙያ «ሪህ አለብኝ» የሚሉ እናት ግን ዩሪክ አሲድን አያስቡም፣ ጉልበታቸውን ነው የሚያሳዩት። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ፍቺ በተራ ቍጥር ለይቶ፣ አንዱን «በሕዝብ አነጋገር»፣ ሌላውን «በሕክምና» ብሎ ማስፈር ይኖርበታል። የኮልቺሲን መግለጫ የሚተረጕም ሰውም «ለሪህ» ብቻ ብሎ መተው የለበትም፤ «ዩሪክ አሲድ በአንጓ ሲጠራቀም ለሚመጣው ሪህ» ብሎ ይጻፍ። አምስት ቃል ቢጨምር ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ መጠኑ ጥቂት ካለፈ ይገድላል።