በይነ ዘርፍ ኮርስ ምንድን ነው?

በዩኒቨርሲቲ አካባቢ አዲስ የኮርስ ፕሮፖዛል ሲዘጋጅ «ኢንተርዲሲፕሊናሪ» የሚለው ቃል እንዳለ ይወሰዳል፤ አለዚያም «ዘርፈ ብዙ» ተብሎ ይተረጎማል። ዘርፈ ብዙ ግን የሌላ ነገር ስም ነው። እኔ «በይነ ዘርፍ» ቢባል እመርጣለሁ። «በይነ» ከግእዝ የወረስነው፣ መካከልነትን የሚያመለክት ቃል ነው፤ በይነ መንግሥታትና በይነ መረብ ስንል ጆሯችን ለምዶታል።

ዘርፈ ብዙ ኮርስ ላይ የተለያየ ሙያ ያላቸው መምህራን በየተራ ገብተው የየራሳቸውን አስተምረው ይወጣሉ። በይነ ዘርፍ ኮርስ የሚነሣው አንድ ሙያ ብቻውን ከማይመልሰው ጥያቄ ነው፤ የአንዱ ሙያ መልስ በሌላው ይፈተናል፣ ይታረማል።

የጣናን እምቦጭ እንውሰድ። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሥነ ሕይወት መምህሩ እምቦጭ ከዘርም ከቁራጭም እንደሚራባ፣ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ያስረዳል። የአፈር ባለሙያው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ ሐይቁ የሚገባው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አረሙን እንደሚያፋፋው ያሳያል። ኢኮኖሚስቱ ደግሞ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የሚነቅለው አርሶ አደር ስንት የሥራ ቀን እንደሚያጣ ያሰላል። እዚህ ላይ ከቆመ ኮርሱ ዘርፈ ብዙ ነው።

አሁን ተማሪውን «ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው እምቦጭ የት ይሂድ?» ብለን እንጠይቀው። እዚያው ይበስብስ ካለ፣ ንጥረ ነገሩ በዝናብ ታጥቦ ተመልሶ ሐይቁ ይገባል። ኮምፖስት ይሁን ካለ፣ ዘሩ መሞቱን ሳያረጋግጥ ወደ ሰው ማሳ ሊወስደው አይችልም። ይጓጓዝ ካለ ደግሞ፣ የእምቦጭ ክብደት አብዛኛው ውኃ ነውና የሚከፈለው ውኃ ለመጫን ነው፤ መጀመሪያ ይድረቅ ቢባል የማድረቂያው ቦታ የማን የግጦሽ መሬት ነው? አንዱን መልስ ሲነካ ሌላው ይነቃነቅበታል። በይነ ዘርፍ ያልኩት ይህንን ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛል የሚገመግም ሰው ከመግቢያው ይልቅ ሳምንታዊ ዕቅዱና ምዘናው ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሥነ ሕይወት፣ ቀጣዮቹ ለኢኮኖሚክስ ተከፋፍለው ፈተናውም እንደዚያው ከተከፈለ ውሕደቱ የለም። የመጨረሻውን የተማሪ ሥራ አንዱ መምህር ብቻውን ሊያርመው ከቻለም እንዲሁ። ሰፊ ኮርስ ደግሞ ማሰሪያ ይፈልጋል። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲድኒ በሚገኘው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ በኋላ «ቢግ ሂስትሪ» የተባለውን ኮርስ ሲጀምር ከሌሎች ሳይንሶች መምህራንን አሰባስቦ ነበር፤ ሁሉንም ያያያዘው ከዩኒቨርስ መፈጠር እስከ ዛሬ የሚወርደው አንድ ትረካ ነው።

የቅድመ ዕውቀቱ ነገርም አለ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ኬሚስትሪን ምን ያህል ያውቃል? ፕሮፖዛሉ ይህን ካላሰበበት ሁለቱንም ወገን ላለማስቸገር ሲባል ኮርሱ ይሳሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማስተማር ሰዓት አቆጣጠሩ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ገምጋሚ ጥቂት ይመስለኛል። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ላይ ሁለት መምህራን አብረው ክፍል ቢገቡ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይቆጠርላቸዋል? አንድ ተኩል ብቻ ከሆነ አብረው የሚገቡበት ምክንያት አይኖርም፤ ሳምንታቱን ተካፍለው በየተራ ይገባሉ፣ በይነ ዘርፍ ተብሎ የጸደቀውም ኮርስ በዓመቱ ዘርፈ ብዙ ሆኖ ይገኛል። የሁለቱም ትምህርት ክፍሎች ኃላፊዎች ለየመምህሩ ሙሉ ሰዓት እንደሚቆጥሩ በጽሑፍ ያረጋገጡበት ደብዳቤ ከፕሮፖዛሉ ጋር መያያዝ አለበት፤ ያም ወደ ሴኔት ከመሄዱ በፊት።