ባሶ ወዴት ሄደ?

የጎጃምን ከተሞች ቁጠሩ ብንባል ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ እያልን አስፋልቱን ተከትለን እንነጉዳለን። እኔም የምቆጥረው እንደዚያው ነው። የዛሬ 180 ዓመት ግን አንዱን ሲራራ ነጋዴ ብትጠይቁት ቀድሞ የሚጠራላችሁ ባሶን ነበር።

ባሶ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ ሳይወረድ የሚገኝ ትልቅ ገበያ ነበር። በ1830ዎቹ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ስለ ንግዱ ጽፏል። የጎንደርና የደሪጣ ነጋዴዎች ከሰሜን አሞሌ ጨው ጭነው ይመጣሉ። ከአባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል። አሞሌ ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል፤ የነጋዴው ትርፍም ከዚያ ነው። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ ግን ማን ይሻገራል? ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እስቲ ደግሞ ማንሳት የማንወደውን እናንሳ። ባሶ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከአባይ ማዶ የተፈነገሉ ልጆች እዚያ እጅ ይለውጡና ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይነዳሉ። ስለ ጥንቱ ገበያችን ስናወራ ወርቁንና ዝባዱን ቆጥረን እነሱን እንዘላለን። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአክሱም ዘመን ወሬ አይደለም፣ አያቶቻችን የደረሱበት ነው።

ታዲያ ባሶ ለምን ከሰመ? አባይ አልደረቀ፣ ቡናውም አልጠፋ። የተዛወረው መንገዱ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ሲማርኩ፣ የአባይ ማዶ ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ የደቡቡም ቡና በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከባሶ የተረፈው ስሙ ነው፤ ዛሬ ባሶ ሊበን በሚባለው ወረዳ ላይ አለ።

እኛም አማኑኤልን የመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞች አሉንና ይህን ብናስብበት አይከፋም። መንገድ ያቆመውን ከተማ መንገድ ያፈርሰዋል። ገበያው ሲጠፋ ጥፋተኛው መንገዱ ነው እንበል። የተሸጡትን ልጆች የረሳነው ግን እኛ ነን፤ ይህን በመንገዱ ማሳበብ አይቻልም።