ብራናና ዲስክ

በአፄ ፋሲል ዘመን ጎንደር የተጻፈ ብራና ማኅደሩን ፈትቶ ማንበብ ይቻላል፤ ግእዝ ማወቅ ይበቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛስ? ማሽኑ አልነሳ ሲል ሰው ለቆራሌ ለመስጠት ይቸኩላል። ብዙ ጊዜ እኮ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፤ ሲያልቅ ማሽኑ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ እንዳለው ጭምር ይረሳል። (ባትሪው ፈሳሽ ካወጣ የመዳብ መስመሮቹን ይበላልና ሶኬቱን ነቅሎ ከፍቶ ሳያዩ ማብራት አያስፈልግም።)

ባትሪው ተቀይሮ፣ የዲስኩ ዓይነት እንደገና ተሞልቶ ቢነሳም ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። ጽሑፉን ብቻውን አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ቢከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከነፎንቱ ይገልበጥ፤ የዚያ ዘመን መመረቂያ ጽሑፍና ቃለ ጉባኤ የተቀመጠው እዚያ ሆድ ውስጥ ነው።