የመቆያ ዙር

በጋራዥ ቋንቋ ስሙ ሚኒሞ ነው። ቃሉን ከጣሊያንኛ ወረስነው፤ «ትንሹ» ማለት ነው። እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ተነሥቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ያመለክታል። በጽሑፍ ግን አማርኛ ስም ያስፈልገዋል። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ከተመለሰ «ሥራ ፈት ዙር» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። በዚያ ሰዓት የቮልስ ሞተር ዲናሞውን ያዞራል፣ ዘይቱን ይገፋል፣ ማቀዝቀዣ ንፋሱን ራሱ ይነፋል። እኔ «የመቆያ ዙር» እንድንለው እፈልጋለሁ። ምሳ እስኪደርስ ለልጅ መቆያ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ሞተሩም እስኪረገጥለት ድረስ የሚቆየው በጥቂት ቤንዚን ነውና።

ስሙ አሠራሩንም በትክክል ይገልጻል። ካርቡራተር ውስጥ፣ ፔዳል ሲረገጥ የሚከፈት ክብ ክዳን አለ። እግር ሲነሣ ክዳኑ ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ በዋናው ጉሮሮ የሚያልፈው አየር በጣም ያንሳል፣ ከዋናው ቀዳዳ ቤንዚን ለመሳብም አቅም ያጣል። ከክዳኑ በታች ግን የሞተሩ መሳብ ብርቱ ነው። እዚያ የምትከፈት ጠባብ መንገድ ተሠርታለች፤ በመቆያ ዙር ጊዜ ሞተሩን የምትመግበው እሷ ናት። ስለዚህ የመቆያ ዙር ሁለት ነገር ነው፦ የዙሩ ፍጥነትና የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ። ፍጥነቱን ብቻ ከፍ አድርጎ ድብልቁን የተወ ሰው ችግሩን ሸፈነው እንጂ አልፈታውም።

ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ያለውን ቮልስ 1600 እንውሰድ። ካርቡራተሩ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ነው። በግራ ጎኑ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ ድብልቁን ይመጥናል። ሦስተኛው ብሎን ክዳኑን በሚከፍተው ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ብዙ እጅ የሚያርፈውም በእሱ ላይ ነው። መነካት የለበትም። ክዳኑን ከቦታው ካነሣው ጠባቧ መንገድ ሥልጣኗን ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ብሎኖች ቢያዞሯቸው ሞተሩ አይሰማም።

ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ሌላው ሁሉ ልክ መሆን አለበት። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ የካንዴላው እሳት በሰዓቱ መምታቱ ይረጋገጣል። ካርቡራተር በሌሎች ጥፋት ሲወቀስ ይኖራል። ከጎኑ የታሰረችው ባለ ሽቦ የቤንዚን መዝጊያም ትታይ፤ ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ካላለች ብሎን ማዞር ከንቱ ድካም ነው። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ባሉት ጓርኒሲዮኖችና ላስቲኮች አየር የሚገባ ከሆነም እንዲሁ።

ከዚያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩም ሙሉ በሙሉ ይከፈት። ሥራው ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ትንሹን ብሎን እስኪነካ ድረስ በቀስታ ማጥበቅ (ከተጫኑት ጫፉ ይጎዳል)፣ ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ማላላት። በትልቁ ብሎን ዙሩን በደቂቃ ወደ 850 ማምጣት። አሁን ትንሹን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞርበትን ቦታ በጆሮ ወይም በዙር መቁጠሪያ መፈለግ ነው። ሲገኝ፣ ዙሩ ከ20 እስከ 30 ያህል እስኪቀንስ ድረስ መልሶ በጥቂቱ ማጥበቅ። ይህች ቅናሽ ትርፍ ቤንዚን መቆረጡን ትናገራለች። በመጨረሻ ትልቁን ነክቶ ወደ 850 መመለስ።

ሁለት ዙር ተኩሉ መነሻ ብቻ የሆነበት ምክንያት በእኛ አገር ጎልቶ ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ የሳሳውን ያህል ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ መኪና እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፦ የመቆያ ዙሩ ይንገዳገዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ሲወርድ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ የትራፊክ መብራት ላይ ለመጥፋት ይቃጣዋል። እዚያ የሰነበተ ሰው ትንሹን ብሎን ጥቂት አላልቶ ያንኑ የፈጣን ዙር ፍለጋ ይድገም፤ ሦስተኛውን ብሎን ግን እዚያም አይንካ።