በለስ በአጋሜ ገደላት፤ ስለ አንድ መጤ ተክልና ስለ ምንጣሮው

በኦሪት ዘፍጥረት አዳምና ሔዋን ዕራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ ሰፍተው ያገለደሙት የበለስ ቅጠል ነው። ያ በለስ የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆነ፥ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ነው። ዛሬ ግን በአዲግራት ወይም በዓሊቴና የሚያድግ ሕፃን ይህ ቃል ሲነበብ ቢሰማ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቅጠል የሌለው፥ አካሉ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋና ወፍራም ሆኖ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ የሚበቅል፥ እሾህ የለበሰ ተክል ነው። አዳም ይህን አገልድሞ ቢሆን ኖሮ መከራው ከገነት ሳይወጣ በጀመረው ነበር።

የስሙ መደራረብ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፈረንሳዮች የበርበር አገር በለስ፥ ኢጣልያኖች የሕንድ በለስ፥ ዐረቦችም ቲን ሾኪ ማለት እሾኸኛ በለስ ይሉታል። ሁሉም ፍሬውን ቀድሞ በሚያውቁት ጣፋጭ ፍሬ መስለው ሰየሙት፤ ፈረንሳዩና ኢጣልያኑ ከሰው አገር የመጣ መሆኑን በስሙ ላይ ጨመሩበት፤ የመጣበትን አገር ግን አንዳቸውም በትክክል አልተናገሩም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ በመልኩ ምክንያት ቁልቋል የሚለውም አለ፤ ሆኖም ነባሩ የደጋ ቁልቋል ወተቱ ዓይን የሚጐዳ፥ ከዚህኛው ጋር በመልክ እንጂ በዘር የማይገናኝ ተክል ነው።

የበለስ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮ ነው። እስፓንያውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከዚያም በሜዲቴራንያን ባሕር ዙሪያ እየተላለፈ የሲሲልያና የደቡብ ኢጣልያ፥ የሰሜን አፍሪቃና የፍልስጥኤም የእርሻ አጥር ሆነ። ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ያመጡትም የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው የሚል ትውፊት አለ። ይህ ትውፊት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ዐድዋ ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1860 ድረስ በአጋሜ፥ በኢሮብና በአከለ ጉዛይ አስተምረዋል፤ የትውልድ አገራቸውም በለስ የእያንዳንዱ ጓሮ አጥር የሆነበት ደቡብ ኢጣልያ ነበረ። ከዚህ የበለጠ ማለት ግን ትውፊቱን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ይሆናል። የቀይ ባሕር ነጋዴ፥ የኢየሩሳሌም ተሳላሚም እንዲሁ አንድ ቅርጫፍ በከረጢቱ ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ይህ ተክል ተቈርጦ ለወራት ሳይሞት የሚቈይ ስለ ሆነ እንደ እርሱ ለመንገደኛ የሚመች ጥቂት ነው።

ማን አመጣው ከሚለው ይልቅ እንዴት ገደሉን ያዘው የሚለው ጥያቄ ለታሪክ የበለጠ ይጠቅማል። የአጋሜና የኢሮብ ተራራ ቀድሞ የወይራና የጥድ አገር ነበረ። ዛፉ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ፥ ቡቃያውም በፍየል እየተጋጠ ሲሄድ በዐለቱ መካከል ባዶ ቦታ ተከፈተ። በለስ ወደዚህ ባዶ ቦታ ገባ። ለዚህም ተፈጥሮው ረድቶታል፤ አብዛኞቹ ዕፀዋት በቀን የሚከፍቱትን መተንፈሻ እርሱ የሚከፍተው በሌሊት ስለ ሆነ በፀሐይ ውሃውን አያባክንም፤ ሥሩም በጥልቀት ሳይሆን በስፋት ስለሚዘረጋ ካፊያውን እንኳ ያገኘዋል። ዝንጀሮና ወፍ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ሰው በማይደርስበት ጥሻ ይጥሉታል። ስለዚህ ወራሪ መባሉ እውነት ቢሆንም፥ የወረረው ቀድሞ የተራቈተውን ምድር መሆኑ መዘንጋት አይገባውም።

ሰውም ከመጤው ጋር ቶሎ ተስማማ። ፍሬው የሚበስለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ይህ ወቅት በደጋው ኑሮ ያለፈው ዓመት እህል ከጐተራ ያለቀበት፥ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ያለበት፥ እናቶች የሚጨነቁበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት በለስ ፍራፍሬ ብቻ ሳይሆን ምግብ ይሆናል። ልጆች ጠል ሳይደርቅ፥ ደቃቁ እሾህ እርጥብ ሆኖ በነፋስ በማይበተንበት ሰዓት ወደ ገደሉ ይወጣሉ፤ ለቅመውም በሣር ጠርገው ለቤተ ሰብ ያመጣሉ፥ በመንገድ ዳርም ይሸጣሉ። ፍሬው ዘሩ ብዙና ጠንካራ ስለ ሆነ ያለ ሌላ ምግብ አብዝቶ የበላው ሰው ሆዱ ይደርቅበታል፤ ችግሩ የታወቀ ቢሆንም የተራበን ልጅ አይከለክለውም። በበጋ ደግሞ፥ ከሁሉም በላይ በድርቅ ዓመት፥ ቅርጫፉ እሾሁ በእሳት ተለብልቦ ለከብት ይሰጣል፤ ከብቱም ከእርሱ መኖና ውሃ በአንድነት ያገኛል። በጓሮ የሚተከለውና እሾህ የሚያንሰው ዓይነት የአጥርና የአትክልት ቦታ ባለ ማዕርግ ነው። ኢሮቦች ዳልዳል የሚሉትን የድንጋይ ግድብ በየሸለቆው ሠርተው ጐርፍ ያመጣውን ደለል እያጠራቀሙ እርሻ ሲፈጥሩ፥ ከግድቡ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ገደል ለበለስ ይቀራል።

ይሁን እንጂ የተክሉን በጎነት ብቻ መቍጠር የገበሬውን እሮሮ አለመስማት ይሆናል። በለስ ሲጠነክር ሣሩን ያጠፋል፤ የግጦሹን መግቢያ ይዘጋል፤ እሾሁ የከብቱን አፍና ዓይን ያቈስላል፤ ጥሻውም ለጃርትና ለጅብ መሸሸጊያ ይሆናል። ከገደሉም እየተንሸራተተ ወደ እርሻው ዳር ይወርዳል። ስለዚህ መመንጠሩ የግድ የሚሆንበት ቦታና ጊዜ አለ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ ጠፍ መሬትን መንጥሮ፥ ጉቶውን ነቅሎ ለሞፈር ማዘጋጀት ማቅናት ይባላል፤ ቃሉ ዱሩን እንደ ጠማማ፥ እርሻውን እንደ ቀና ይቈጥራል። በጎጃምና በበጌምድር በቀድሞው የርስት ሥርዓት ባለ ርስት ነኝ ባይ ዘሩን የሚቈጥረው መሬቱን አስቀድሞ ወደ ያዘው አባት ነበረ። ምንጣሮ እንግዲህ የጕልበት ሥራ ብቻ ሳይሆን የመብት መነሻም ነበረ፤ ደቦና ወንፈልም የሚጠራው በመጨረሻ ማሳ ለሚሆን መሬት ነው። በገደል ላይ ያለው በለስ ግን ከዚህ አሳብ ውጭ ነው። ቦታው ቢመነጠርም በሬ አይጠመድበትም፤ የጋራ ግጦሽ ስለ ሆነም የመነጠረው ሰው ለብቻው የሚያገኘው ነገር የለም። አንድ ሰው የደከመበትን ሁሉም ይበላዋል።

የሥራው ጠባይም ከተለመደው ምንጣሮ የተለየ ነው። ቍጥቋጦ በገጀራ ተቈርጦ ይደርቅና ይቃጠላል። በለስ ግን አካሉ በውሃ የተሞላ ስለ ሆነ እርጥቡን እሳት አይዘውም፤ ተቈርጦ መሬት የነካ ቅርጫፍ ደግሞ እሾሁ ከሚወጣበት ዓይን ሥር አውጥቶ እንደ ገና ይተከላል። በሜዳ ላይ ቢሆን ቍራጩን ለቅሞ በአንድ ቦታ መከመር ይቻል ነበር። በዳገት ላይ ግን የተመታው ቅርጫፍ እየተንከባለለ ይወርድና ከታች በድንጋይ ተይዞ ይቀራል፤ በሚመጣውም ክረምት ከዚያ ይበቅላል። ስለዚህ ሳያስብ ከላይ ጀምሮ እየቈረጠ የሚወርድ መንጣሪ የሚያደርገው ነገር፥ በእውነቱ፥ ከመዝራት አይለይም። ሥራው በሚገባ እንዲሠራ አስቀድሞ ከበታች የድንጋይ ካብ ወይም እርከን ሊኖር፥ የወደቀውም ሁሉ ተለቅሞ በጥልቅ ጕድጓድ ሊቀበር ወይም ሥር በማይሰድድበት ዐለት ላይ ተሰጥቶ ሊደርቅ ይገባል። ጉቶውም ካልተነቀለ ያቈጠቍጣል፤ ሥሩ ግን በላይኛው አፈር ላይ የተዘረጋ ስለ ሆነ ሲነቀል ያንን አፈር ፈቶ ይተወዋል። አንድ ገደል በአንድ በጋ ሙሉ በሙሉ ቢመነጠር የመጀመሪያው የሰኔ ዝናም አፈሩን ወደ ሸለቆ ያወርደዋል። ስለዚህ በአግድም መስመር አንዱን እየመነጠሩ አንዱን እየተዉ፥ በተመነጠረውም ላይ ሣር እስኪበቅል እየጠበቁ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህም የዓመታት ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የወቅቱ ነገር ነው። ለምንጣሮ የሚመቸው፥ ቅርጫፉ ሥር ሳይሰድድ የሚደርቅበት ጊዜ በጋ ነው፤ በበጋ ግን ቅርጫፉ ለከብት ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ጕልበቱ በእርሻና በአረም ላይ ነው፤ ፍሬውም የሚበላው ያን ጊዜ ነው። ገበሬው ገደሉን ጠቅልሎ ያልመነጠረው ስለ ሰነፈ ወይም ጕዳቱን ስላላወቀ ነው የሚል ሰው ይህን የዓመቱን ዙር አልተመለከተም።

በሌላው ዓለም ምንጣሮው በሌላ መንገድ ሄደ። በአውስትራልያ የበለስ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝርያ በኪንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ 24 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ሸፈነ፤ በገጀራ፥ በእሳትና በአርሰኒክ መርዝ ቢታገሉትም አልበገር አለ። በ1925 ከአርጀንቲና ካክቶብላስቲስ የተባለች የእሳት እራት እንቍላል አመጡ፤ ትሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያን ሁሉ ጫካ በላው፤ በ1936ም ገበሬዎቹ በቡናርጋ ለዚህች ነፍሳት የመታሰቢያ አዳራሽ ሠሩላት። ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ እንደ ድል ይነገራል፤ በዚያ አገር ለነበሩት ነጭ ሠፋሪዎችም በእርግጥ ድል ነበረ፤ ኑሯቸው በተክሉ ላይ አልነበረምና።

ያው መድኃኒት ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ ግን ሌላ ሆነ። በደቡብ አፍሪቃ በምሥራቅ ኬፕ ባለ ብዙ በጎች ገበሬዎች በለስ እንዲጠፋ ሲጮኹ፥ ጥቍሮቹ ድኾች ግን ፍሬውን ይበሉ፥ ይሸጡ፥ ጠላም ይጠምቁበት ነበረ፤ ትሉና ኮቺኒል የተባለው ተባይ በ1930ዎቹ ሲለቀቁ የተሰማው የመጀመሪያዎቹ ቃል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የደቡብ ማዳጋስካር ነው። በአንድሮይ ደረቅ ምድር የሚኖሩት ታንድሮዮች በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳዮች እጅ የገባውን ቁልቋል የከብታቸው መኖና ውሃ፥ የራሳቸው ምግብ፥ የመንደራቸውም ቅጥር አድርገውት ነበር። በ1920ዎቹ ኮቺኒል ወደ ደሴቲቱ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተክሉን አደረቀው። ከ1930 እስከ 1931 በሆነው ረኃብ ብዙ ሰውና ከብት ዐለቀ፤ የቀረውም ብዙው ሥራ ፍለጋ ተሰደደ። ቅጥር የሆናቸው ጥሻ በመጥፋቱ ለቅኝ ገዢው መንግሥት አገሩን መግዛት እንደ ቀለለው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተወስቷል፤ ነገሩ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በስሕተት የሚለው ክርክርም አልተዘጋም።

የትግራይ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ኮቺኒል ወደ ትግራይ የመጣው በለስን ለማጥፋት ሳይሆን ለጥቅም ነበረ፤ ሴቲቱ ተባይ ስትደቈስ ካርሚን የተባለ ውድ ቀይ ቀለም ይወጣታልና። በሜክሲኮ ተባዩን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ስላሉ ቍጥሩ በመጠኑ ይኖራል፤ በትግራይ ግን እነዚያ አብረውት አልመጡም። በወጉ ባልተለቀመበት ስፍራ ተባዩ በነፋስ እየተወሰደ፥ በነጭ ጥጥ መሰል ልብሱ ቅርጫፉን እየሸፈነ፥ በደቡብ ትግራይ በራያ ዐዘቦና በአካባቢው የነበረውን በለስ አደረቀ። ገጀራ የያዘ ሰው የቱን ጥሻ እንደሚቈርጥ፥ የቱን ለከብቱ እንደሚያተርፍ ይመርጣል፤ ተባዩ ግን የግጦሹን ጥሻና የድኻዋን የጓሮ አጥር አልለየም። በአንድሮይ የተጻፈው ታሪክ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ተባዩ ከመምጣቱ በፊት በሚገባ የተነበበ አይመስልም፤ ሥራው የቀለም እንጂ የምንጣሮ ስላልመሰለ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የገበሬው ምንጣሮ መልኩ ተለወጠ። በራያ ሕዝቡ ገጀራና ዶማ ይዞ በዘመቻ የወጣው የበለስን መብዛት ለመቀነስ ሳይሆን፥ በተባይ የተያዘውን ቈርጦ፥ አቃጥሎና ቀብሮ የቀረውን ለማዳን ነበረ። ቍራጩ እንዳይንከባለል መጠበቁ፥ ጕድጓዱን ማጥለቁ፥ የተራቈተውን ዳገት ከዝናም በፊት በካብ መደገፉ ሁሉ እንደ ቀድሞው ነው፤ የተለየው፥ መንጣሪው ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በሚመጣው ሐምሌ ልጆቹ የሚለቅሙትን ፍሬ በገዛ እጁ ቀብሮ መሆኑ ነው።